በጢስ ቀሚሷ የተነሳችው እናት፦ ከሰርግ ፎቶ ወጥቶ በ"ቁም ነገር" ፎቶ መኖር ይቻላል?

ጉርድ ፎቶ | ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ለጉርድ ፎቶ ወረፋ ነበር። ተማሪው ለፈተና፣ ገበሬው ለመታወቂያ፣ ዓረብ አገር የምትሄደዋ ልጅ ለፓስፖርት። አሁን ብዙው መሥሪያ ቤት ራሱ ያነሳል። የቀረውን ስልክ ወሰደው። የሚያበላኝ ሰርግ ነው፤ ሰርግ ደግሞ ጥርና ሚያዝያ ነው። ከዚያ ወዲያ ጾም ነው፣ ክረምት ነው፣ እኔም በር ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ስቆጥር እውላለሁ።

ግንቦት 2017 ላይ ሰባስቲያው ሳልጋዶ ሞተ የሚል ዜና አየሁ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ፎቶዎቹን ሳይ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንዱ ላይ ሰው ሁሉ ጭቃ ለብሶ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ ከጉድጓድ በመሰላል ይወጣል። ጉንዳን ነው የሚመስለው። "እኔ 14 ዓመት ሙሉ ምን ሳነሳ ነበር?" አልኩ። ኬክ። ኬክ ሲቆረስ ነው ያነሳሁት።

በነጋታው ካሜራዬን አንጠልጥዬ ጎረቤት ገባሁ። እኛ ሰፈር አረቄ የሚያወጡ አንዲት እናት አሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ እሳቱ ተያይዟል። ድፍድፉ ማሰሮው ውስጥ ይንተከተካል። የማሰሮው አፍ በጭቃ ተመርጓል፣ በመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ገባችና ጢሱን ለሁለት ሰነጠቀችው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ጠቅ አደረግኩ። አንዲት ብቻ። በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ ትበልጣለች።

ፌስቡክ ላይ ለጠፍኳት። ላይኩ 3,000 አለፈ። የማላውቀው ሰው ሁሉ "ድንቅ" ይለኛል። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው አይቶ ኖሮ ደወለላቸው። "እናቴን እንደ ለማኝ አሳያት" ብሎ። እሳቸውም መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። "አንተ ልጅ፣ ስንት የክት ቀሚስ እያለኝ በጢስ ቀሚሴ ለዓለም አወጣኸኝ?"

አጠፋኋት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው ወይ? ሁለተኛ፣ በዚህ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ወይ?

---

መንቆረር | ደብረ ማርቆስ

ሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ አጭር ነው፦ የለም።

ለአንደኛው ስኳርና ቡና ያዝና ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ። ማርቆስ ላይ አረቄ ከምታወጣ ሴት ጋር ተኳርፎ የሚኖር ሰው አላውቅም።

---

ጨለማ ክፍል | ባሕር ዳር

ፊልም በእጅ በሚታጠብበት ዘመን የሠራሁ ነኝ፤ የስሜም ምክንያቱ እሱ ነው። ቀይ አምፖል ሥር፣ መድኃኒቱ ውስጥ ወረቀቱን እየነካካህ የሰው ፊት ቀስ ብሎ ብቅ ሲል ማየት... ተወው፣ ይሄን ከጀመርኩ አላቆምም።

ልጄ፣ ሳልጋዶ ትልቅ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ ልታውቀው የሚገባህ ሌላ ሰው ነው፤ ሚልተን ሮጎቪን ይባላል። ያንተን ጥያቄ ሁለቱንም በዕድሜው መልሶታል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሮጎቪን በ1909 ኒው ዮርክ ተወለደ። ሥራው መነጽር ነበር። ዓይን ለክቶ መነጽር የሚሰጥ ባለሙያ ነው። በፋሎ የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ሄዶ ሱቁን ከፈተ። ደንበኞቹ ሠራተኞች ነበሩ፣ እሱም የማኅበራቸው ወዳጅ ነበር። በ1957 "ኮሚኒስት ነህ" ተብሎ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አልመልስም አለ። የከተማው ጋዜጣ "የበፋሎ ቁጥር አንድ ቀይ" ብሎ አወጣው። ደንበኛው ሸሸ፣ ጎረቤት ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ 47 ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይተክዛል እንጂ ሌላ ሙያ አይጀምርም።

በዓመቱ አንድ የሙዚቃ መምህር ወዳጁ በጥቁሮች ሰፈር፣ ሱቅ በሚያካክሉ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር ይቀዳ ነበርና "አብረኸኝ ሆነህ ፎቶ አንሳልኝ" አለው። መምህሩ ቅጂውን ጨርሶ ሄደ። ሮጎቪን ሦስት ዓመት እዚያው ቀረ። ፎቶ አንሺነቱ የተጀመረው በዚህ ነው።

አሁን ያንተን ጉዳይ ስማ። በ1972 ከሱቁ አጠገብ ያለ አንድ የድሆች ሰፈር ገባ። ስድስት ብሎክ ያህል ብቻ ነው። የፖርቶ ሪኮ ሰው አለ፣ ጥቁር አለ፣ ጣሊያን አለ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ አለ። መጀመሪያ "ፖሊስ ነው" ብለው ጠረጠሩት። እሱ ምን አደረገ? ያነሳውን አጥቦ ለየሰዉ ይዞላቸው ሄደ። በነፃ። "እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ሳቅ" አይልም። ሰውየው ራሱ እንደፈለገ ይቆማል፣ ከፈለገው ጋር ይነሳል። ካሜራው አሮጌ ሮሌይፍሌክስ ነበረች፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይባት። እንደሷ ባለ ካሜራ ስታነሳ አንገትህን ትደፋለህ። እጅ የምትነሳ ነው የምትመስለው።

ዋናው ነገር መመለሱ ነው። በ1980ዎቹ እዚያው ሰፈር ተመለሰ፤ ያንኑ ሰው ፈልጎ አነሳ። በ1990ዎቹ ደግሞ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዘጠና ዓመት አልፎት ለአራተኛ ጊዜ። አራቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታያቸው አንዲት ልጅ አያት ትሆናለች። አንዱ ጋ አጠገቡ የቆመው ሰው በሚቀጥለው ፎቶ የለም። ምንም ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። የፋብሪካ ሠራተኞችን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነሳቸው። አንዱን እሳቱ ፊት፣ ጥቀርሻ ለብሰው። ሌላውን ቤታቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር፣ ራሳቸው በመረጡት ልብስ። ገባህ? የጢሱም ቀሚስ አለ፣ የክቱም አለ። አንተ ግማሹን ብቻ ነው ያነሳኸው።

በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኔጋቲቮቹን ወሰደ። በ2011 በ101 ዓመቱ ሞተ።

---

የጣና ልጅ | ባሕር ዳር

ጋሼ ጨለማ ክፍል፣ አጻጻፍዎ ሲጥም! ግን ሳልጋዶን በአንድ መስመር አይለፉብን።

እኔም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ሳልጋዶ ኢኮኖሚስት ነበር። በ1944 ብራዚል ገጠር ተወለደ፤ የወታደሮቹን አገዛዝ ሸሽቶ በ1969 ከሚስቱ ከሌሊያ ጋር ፓሪስ ገባ። ከዚያ ለንደን ላይ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ቀጠረው። ለሥራ አፍሪካ ሲመላለስ የሚስቱን ካሜራ ይዞ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ሪፖርቱን መጻፍ ያስጠላዋል፣ ፎቶውን ማየት ያስደስተዋል። በ1973 ደመወዙን ጥሎ ወጣ። ቡና ሌላውን ሰው ያነቃል፣ እሱን ከሥራ አስለቀቀው።

በ1979 ማግነም የሚባለው የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ገባ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን በጥይት ሲመቱ አጋጣሚ እዚያው ቦታ ነበር። የዚያን ቀን ፎቶ ሸጦ በገንዘቡ አፍሪካ መጣ። በ1984 እና 85 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ረሃብ በገባባቸው የሳህል አገሮች ዞረ፤ የኛም ኮረም አለችበት። ጉርድ ፎቶ ያየኸው የጭቃው ጉድጓድ ሴራ ፔላዳ ነው፤ የብራዚል የወርቅ ማውጫ፣ 1986። 50,000 ያህል ሰው በእጁና በትከሻው የሚቆፍርበት።

በ1994 የሩዋንዳን እልቂት ካየ በኋላ ታመመ። ሰውነቱም መንፈሱም እምቢ አለ። ወደ አባቱ እርሻ ቢመለስ ጫካው ሁሉ አልቆ መሬቱ ተራቁቷል። ሌሊያ "እንትከለው" አለች። ተከሉት፤ ከሁለት ሚሊዮን ዛፍ በላይ። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና ካሜራ ያነሳው። ይህን ሳነብ የኛው የጮቄ ተራራ ነው ትዝ ያለኝ። ከ2004 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ያልተነካ ምድር ፍለጋ ዞረ። ከላሊበላ እስከ ሰሜን ተራራ በእግሩ ሄዷል፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ። እኛ ከባሕር ዳር መራዊ በሚኒባስ ስንሄድ እናማርራለን።

ስለዚህ ወንድሜ ጉርድ ፎቶ፣ ፎቶዋን ማጥፋት አልነበረብህም። ጥሩ ፎቶ ነውር የለበትም።

---

የበለስ ልጅ | ፓዌ

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። "ጥሩ ፎቶ ነውር የለበትም" የሚለውን ሳይ ግን አልቻልኩም።

የተወለድኩት ፓዌ ነው። ያን ጊዜ መተከል የጎጃም አውራጃ ነበር። እናቴ በ1977 በእኛ አቆጣጠር ከወሎ በሰፈራ መጣች። ከዚያ በፊት ኮረም መጠለያ ነበረች፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋር። እሱ እዚያው ቀረ።

ያ ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ የታየውን የረሃብ ፊልም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ የተናገረው ማይክል በርክ። በየዓመቱ በሆነ ምክንያት ቴሌቪዥን ላይ ይመጣል። እናቴ ሲመጣ ትነሳና ስክሪኑ አጠገብ ትቆማለች። ካሜራው የሚያሳየውን መሐሉን አታይም። ዳር ዳሩን ነው የምታየው። ከኋላ የተቀመጡትን፣ በግማሽ የተቆረጡትን። ልጅ ሆኜ ምን እንደምታደርግ አይገባኝም ነበር።

ወንድሟን እየፈለገች ነው። አንድም ፎቶ የለንም። መልኩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ስትሞት መልኩም አብሮ ይሞታል።

በኋላ ትልቅ ስሆን የሳልጋዶንም ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ አሳየኋት። አንድ ባንድ አየች። "ሸጋ አርጎ ነው ያነሳው" አለች። ከዚያ "ስማቸውን አልጻፈም?" አለችኝ። "አገሩንና ዓመቱን ጽፏል" አልኳት። "አገሩንማ እኛም እናውቀዋለን" አለች።

ፎቶው ባይነሳ ይሻል ነበር አልልም። ባይነሳ እናቴ የምታይበት ዳርም አይኖራትም ነበር።

---

መንቆረር | ደብረ ማርቆስ

እቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ቀልዴን አንስቻለሁ።

---

የጣና ልጅ | ባሕር ዳር

ይቅርታ እህቴ። የጻፍኩትን አላጠፋውም፣ ግን አሁን ብጽፈው እንደዚያ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ። ኮረም ላይ በቀን ስንት ሰው ይሞት በነበረበት ስም መጠየቅ ይቻል ነበር ወይ? መሐመድ አሚንስ ቢሆን ሰው እንዲደርስ ነው የቸኮለው። በኋላ እኮ በፈረንጅ 1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጥቷል። በሰው ሠራሽ ክንድ ሥራውን ቀጠለ። በ1996 ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው፣ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን በስም አልጻፋችሁም ብሎ መክሰስ ይከብደኛል።

---

ጨለማ ክፍል | ባሕር ዳር

ማንም አልከሰሰም ልጄ። እናትየዋ ጠየቀች እንጂ።

ስም መጻፍ ግን ድሮም ነበረ። ሉዊስ ሃይን የሚባል አሜሪካዊ መምህር ከ1908 ጀምሮ በፋብሪካና በማዕድን የሚሠሩ ሕፃናትን ያነሳ ነበር። ባለቤቶቹ አያስገቡትም፤ እሱ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ ነኝ፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ነኝ እያለ ይገባል። የልጁን ቁመት በኮቱ ቁልፍ ይለካል፦ "ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ትደርሳለች" እያለ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሰው ሳያየው ስምና ዕድሜ በእርሳስ ይጭራል። በዚያ ጭረት ነው ባለፋብሪካዎቹ በክርክር የተረቱት። ግን ስንት ዓመት ፈጀ? የሕፃናትን ሥራ የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የጸናው በ1938 ነው። ሠላሳ ዓመት። ሃይን ራሱ በ1940 ደህይቶ ሞተ።

የዶሮቲያ ላንግን ደግሞ ስሙ። በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዝናብ እየጣለ ከመንገድ ዳር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ድንኳን ሥር አገኘች። ጥቂት ደቂቃ አነሳቻትና ሄደች። ስሟን አልጠየቀችም። ያ ፎቶ በዓለም ከታወቁት ሁሉ አንዱ ነው። የሴትዮዋ ስም የታወቀው በ1978 ነው፤ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን ትባላለች። ምን አለች? ባልተነሳሁ ይሻለኝ ነበር፣ አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም። ላንግ መጥፎ ሰው አልነበረችም። ከዚያ በኋላ መንግሥት ጃፓናውያን አሜሪካውያንን ካምፕ ሲያጉር አንስታ ጦሩ ፎቶዎቹን ደብቆባታል። አንዲት ጥያቄ ግን ረሳች።

---

የፎቶ አንሺ ሚስት | ቡሬ

ወንዶቹ ስለ ክብር ስታወሩ እኔ ስለ ጤፍ ላውራ።

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ማን ነው የሚያበላቸው? ቆፍሬ አገኘሁት። ሮጎቪን መነጽሩ ሲቀዘቅዝ ቤቱን የያዘችው ሚስቱ አን ናት። መምህር ነበረች፣ መማር የሚቸግራቸውን ልጆች የምታስተምር። እሷ በደመወዟ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፣ እሱ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ሳልጋዶስ? ካሜራው የሌሊያ ነው፣ መጽሐፉን የምታዘጋጀው ሌሊያ ናት፣ በ1994 ከማግነም ሲወጣ ድርጅቱን አብራው የመሠረተችው ሌሊያ ናት፣ ዛፉን "እንትከል" ያለችው ሌሊያ ናት። በዜናው ላይ ግን አንድ መስመር።

ስለዚህ ጉርድ ፎቶ፣ ባለትዳር ከሆንክ መጀመሪያ ቤትህ ተማከር። ካልሆንክ መምህር አግባ። (የመምህር ደመወዝ እዚያ አገር ነው የሚያበላው፤ እኛ ጋ እንኳን ይቅር።)

ከምሬ ደግሞ፦ ሰርጉን አትተው። የኔው ባል "ከእንግዲህ ሰርግ አልሠራም፣ አርቲስት ነኝ" ያለበት አንድ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ሽሮውንም አርቲስት ሆኖ ነው የበላው።

---

ዘንገና | እንጅባራ

ወይዘሮ፣ ሳቅኩ። እውነት ነው ግን። አገር ውስጥ ያሉትንም ብናይ በዜና ድርጅት ተቀጥሮ ወይም ማስታወቂያ እየሠራ ነው ሰው ቁም ነገሩን የሚያነሳው። ሙሉጌታ አየነ የአሶሺዬትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሲሠራ የቢሾፍቱውን የበረራ 302 አውሮፕላን አደጋና የቤተሰቡን ሐዘን አንስቶ በፈረንጅ 2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አገኘ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አይዳ ሙሉነህ በፈረንጅ 2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀምራለች፤ ፎቶ አንሺ ሥራውን የሚያሳይበት።

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ገበሬ ነው ያሳደገኝ። አንድ ሐሳብ ልስጥህ። አዊ መጥተህ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ አንሳ። ያባቴ ማሳ ጤፍ ነበር፣ ከዚያ ዛፍ ተተከለበት። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፣ እዚያው ከሰል ይሆናል፣ ማሳው እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ከዚያ ደግሞ ዛፍ። ከሰሉ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይሄዳል። በሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ተሠራ፣ ልጅ ተማረ። አሁን ደግሞ ዛፉን በሽታ ገባበትና ሰው ተጨነቀ። ሁሉም የሚያነሳን ጥር 23 በፈረስ ስንጋልብ ነው። ለምዱ፣ ጋሻው፣ አቧራው። ሸጋ ነው፣ አይጠላም። ጥር 24 ግን አንድም ካሜራ የለም።

ያ የመነጽር ሰውዬ እንዳደረገው፣ አንድ ማሳ ያዝና በየዓመቱ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆመህ አንሳው። ሰውየውንም ከማሳው ጋር። አሥር ዓመት። ወጪህ የሚኒባስ ነው።

---

ጉርድ ፎቶ | ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም አነበብኩ። የበለስ ልጅ የጻፈችውን ሦስት ጊዜ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፎቶ ቤቴ ውስጥ ከሰርግ ሌላ የማይቀር ሥራ አለ፤ የለቅሶ። ሰው ሲሞት ዘመድ መታወቂያ ይዞ ይመጣል። "ይችን አሳድግልን" ይላል። በአውራ ጣት የምታክል ጉርድ ናት፣ ማኅተም ግማሽ ፊቱን ይዞታል። ማኅተሙን በኮምፒውተር እፍቃለሁ፣ ጋቢ አለብሳለሁ፣ በፍሬም አደርጋለሁ። አልቃሾቹ ይዘዋት ይወጣሉ። ባለፈው አንድ ልጅ አባቱን አመጣልኝ፤ ሰባ ዓመት የኖረ ሰው፣ ያለው ፎቶ ያ ብቻ ነው። የቀበሌ ግድግዳ ተደግፎ ደንግጦ የተነሳ። "ሲስቅ የለም?" አልኩት። "ይስቅ ነበር" አለኝ።

ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም። አሁን ነው የተሰማኝ።

---

የበለስ ልጅ | ፓዌ

በል ሄደህ የሚስቅ ሰው አንሳ።

---

ጉርድ ፎቶ | ደብረ ማርቆስ

(ከአራት ወር በኋላ)

ክሩ ሳይዘጋ ልጨርሰው ብዬ ነው።

ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። መንቆረር፣ ምስክር ሁነኝ፣ ኪሎ ስኳር ስንት እንደገባ። እሳቸው መጀመሪያ ፊት ነሱኝ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ "እሺ፣ እንዴት ልነሳ ፈለግህ?" አሉ። "እርስዎ እንደፈለጉ" አልኩ። ይሄን እንዳልጠበቁ ያስታውቃል። "እኔ እንደፈለግሁ?" ብለው ሳቁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀጠሩኝ። የክት ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ የአንገት መስቀል። ወንበር አስወጡና ግቢው መሐል ተቀመጡ። አረቄው ቤት እንዳይታይ ጀርባቸውን ሰጥተውት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ወንበሩን አዞሩት። "ይታይ፣ ልጆቼን ያስተማርኩበት ነው" አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጣቶቻቸው በጌሾው ጠቁረዋል፤ ሊሸፍኗቸው ይችሉ ነበር፣ አልሸፈኑም። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

አጥቤ በፍሬም ወሰድኩላቸው። ለልጃቸውም በቴሌግራም ላኩለት። እሱ "አመሰግናለሁ" ብቻ ብሎ ጻፈ፤ ይበቃኛል።

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። አሁን 11 ሴቶች አንስቻለሁ፤ እያንዳንዷን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ እንደ ጋሼ ምክር። ስምና ዕድሜ፣ ስንት ዓመት አረቄ እንዳወጡ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዷ ስሟን ስጠይቃት "የማን ልበልህ? የልጄን ነው ወይስ የኔን?" አለችኝ። የእከሌ እናት እየተባለች ነው የኖረችው።

ገንዘቡ? ከኪስ ነው። አንድ ትልቅ መጠን ፎቶ አሳትሞ በፍሬም ማድረግ የአንድ ቀን ገቢዬን ይበላል። የቡሬዋ እመቤት፣ ሰርጉን አልተውኩም፤ ጥር ላይ ሰባት ይዤያለሁ። ሚስቴም ይህን ክር አንብባ "ስለ አን የሚለው ክፍል የቱ ጋ ነው?" ብላኛለች።

ዘንገና፣ መንገዱ ሲረጋጋ እመጣለሁ። ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም በዚህ ጊዜ ቀላል አይደለም፤ ታውቀዋለህ።

---

ጨለማ ክፍል | ባሕር ዳር

ሸጋ ሠራህ። ኔጋቲቭ እንኳ ባይኖር ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጥ። አንዱን ከቤትህ ውጭ። ስንት ፎቶ ቤት ሲዘጋ ያ ሁሉ ኔጋቲቭ በጆንያ ተጥሎ አይቻለሁ፤ አንዱን ጆንያ ልጆች ፀሐይ ሊያዩበት ሲሻሙበት።

የጢሷስ ፎቶ? አጠፋኋት ነበር ያልከው።

---

ጉርድ ፎቶ | ደብረ ማርቆስ

ከፌስቡክ ነው እንጂ ካርዱ ላይ ነበረች ጋሼ። እሷንም አሳትሜ ወሰድኩላቸው። "የርስዎ ናት፣ ቢፈልጉ ያቃጥሏት" ብዬ ሰጠኋቸው።

ብዙ አዩዋት። ፊታቸውን አይደለም። ጣታቸውን ማሰሮዋ ላይ አድርገው፣ በጭቃ የተመረገውን አፏን እየተከተሉ። ያቺ ማሰሮ ለካ በነሐሴ ተሰንጥቃ ተጥላለች። ከእናታቸው የወረሷት ነበረች።

"ይችን አታቃጥላት" አሉኝ። "እሷ አለችበት።"